በዋሽንግተን የቤዝቦል ምሽት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዋሽንግተን፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ከሚኖረው ወገናችን ብዙው ናሽናልስ የተባለው የከተማዋ የቤዝቦል ቡድን የሚጫወትበትን ናሽናልስ ፓርክ የተባለውን ስታዲየም የሚያውቀው ከውጭ ነው። ታክሲ የሚነዳው ተሳፋሪ አድርሶበታል፤ ሌላው ማታ በሳውዝ ካፒቶል ጎዳና ሲያልፍ ሰማይ ላይ የተተከለውን መብራት አይቶ «ዛሬ ጨዋታ አለ ማለት ነው» ብሎ አልፏል። እኔም ለብዙ ዓመታት እንዲሁ ሳልፍ ኖሬ፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ትርፍ ትኬት ይዞ ሲጋብዘኝ ነው መጀመሪያ የገባሁት። ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ ዘመድና ጓደኛ እየያዝኩ ስሄድ የሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች ተመሳሳይ ስለሆኑ፣ መልሳቸውን በአንድ ቦታ ለማስፈር ወሰንኩ። የተጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ቤዝቦል ምንም የማላውቅ ሰው ብሄድ ይገባኛል?

ይገባዎታል፤ ነገር ግን በእግር ኳስ ዓይን ካዩት ይቸገራሉ። በእግር ኳስ ኳሱን የያዘው ቡድን ያጠቃል። በቤዝቦል ኳሱ የሚገኘው በተከላካዩ ቡድን እጅ ሲሆን፣ አጥቂው አንድ ዱላ ብቻ ይዞ የሚወረወርለትን ይጠብቃል። ይህን አንድ ነገር አስቀድሞ የተረዳ ሰው ሌላው ሁሉ ይቀለዋል። ደግሞስ ዱላና ኳስ ያለበት ጨዋታ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በገና ሰሞን ሩር ሲለጋ ያየ ሰው ዱላ ኳስን በትክክል ሲያገኘው የሚወጣውን ድምፅ ከሩቅ ይለየዋል።

የግድ መታወቅ ያለበት ሕግ የትኛው ነው?

ጨዋታው ኢኒንግ በሚባሉ 9 ዙሮች ይከፈላል። በየዙሩ በመጀመሪያ እንግዳው ቡድን፣ ቀጥሎ ባለሜዳው የመምታት ተራ ያገኛል፤ አንድ ቡድን ተራውን የሚለቀው ሦስት ተጫዋቾቹ «አውት» ሲሆኑበት፣ ማለትም ሲወጡበት ነው። ወርዋሪው፣ ማለትም ፒቸሩ፣ ከመቺው 18.44 ሜትር ርቆ በትንሽ ጉብታ ላይ ይቆማል። ከእጁ የሚወጣው ኳስ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር እና ከዚያም በላይ ስለሚፈጥን፣ መቺው ዱላውን ለመሰንዘር ወይም ለመተው የሚወስንበት ጊዜ ከግማሽ ሰከንድ ያንሳል።

መቺው ሰንዝሮ ከሳተ ወይም ሊመታው የሚገባውን ኳስ ዝም ብሎ ካሳለፈ «ስትራይክ» ይቆጠርበታል፤ ሦስት ስትራይክ የደረሰበት ይወጣል። በተቃራኒው ወርዋሪው ከተገቢው ክልል ውጭ አራት ጊዜ ከወረወረ መቺው ያለ ድካም ወደ መጀመሪያው ቤዝ ይራመዳል፤ ቤዝ የሚባሉት መቺው እየሮጠ የሚዞርባቸው የሜዳው ማዕዘኖች ናቸው። ኳሱ ከተመታ በኋላ መሬት ሳይነካ ከተቀለበ፣ ወይም ሯጩ ሳይደርስ ኳሱ ቀድሞት የመጀመሪያው ቤዝ ከገባ፣ እንደገና አውት ነው። ከዚህ ሁሉ አምልጦ አራቱን ማዕዘን ዞሮ ወደ ተነሣበት የተመለሰ አንድ ነጥብ ያስቆጥራል። ኳሱን ከሜዳው አጥር በላይ ከሁለቱ የጎን መስመሮች ሳያወጣ የሰደደው ደግሞ «ሆም ራን» መትቷልና እየተዝናና ይዞራል፤ በቤዞቹ ላይ ቆመው የነበሩትም ሁሉ ከእርሱ ጋር ይገባሉ።

የቀረውን ጎንዎ የተቀመጠ ሰው ያስረዳዎታል። ሳይጠየቅ የሚያስረዳም አይጠፋም።

ጨዋታው በስንት ሰዓት ይጀመራል? ምን ያህልስ ይቆያል?

የውድድሩ ዘመን ከመጋቢት መጨረሻ እስከ መስከረም መጨረሻ የሚዘልቅ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ቡድን 162 ጨዋታ ስለሚጫወትና ግማሹ በራሱ ሜዳ ስለሆነ፣ በናሽናልስ ፓርክ በየዓመቱ 81 ጨዋታ ይደረጋል። ስለዚህ «የዛሬው አመለጠኝ» ብሎ መቆጨት አያስፈልግም፤ ቡድኑ ከተማ ውስጥ ከሆነ ነገም ይጫወታል።

ከሰኞ እስከ ዓርብ ያሉት አብዛኞቹ ጨዋታዎች የሚጀመሩት ሰው ከሥራ ወጥቶ እንዲደርስ ተብሎ በምሽት ነው። እዚህ ላይ የሚያጋጥመን ችግር የሁላችንም ነው። ትኬቱ ላይ 6:45 ተብሎ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር 12 ሰዓት ከ45 ስለሆነ፣ ሁለቱን እያቀላቀለ የሚቀጥር ሰው ጓደኛውን ያጉላላል። አጎቴን አንድ ቀን «አሥራ ሁለት ከአርባ አምስት» ብዬ ብቀጥረው፣ እርሱ በአሜሪካው ተረድቶት በጠራራ ፀሐይ የተዘጋ በር ላይ ቆሞ ደወለልኝ። ከዚያ ወዲህ ትኬቱን ፎቶ አንሥቼ እልክለታለሁ።

የጨዋታው ርዝመት ድሮ በእርግጥ ያስመርር ነበር። በ2022 አንድ ባለ 9 ዙር ጨዋታ በአማካይ 3 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ገደማ ይፈጅ ነበር፤ በ2023 ሊጉ ለወርዋሪው የሰከንድ ገደብ ሲያወጣ ወደ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ወረደ። ቤዝ ላይ ማንም ከሌለ ወርዋሪው በ15 ሰከንድ ውስጥ መወርወር አለበት፤ ሰው ካለ ትንሽ ጭማሪ ያገኛል። ወደ ኋላ የሚቆጥረው ሰዓት በሜዳው ላይ ለሁሉም ይታያል። በ9 ዙር እኩል ከሆኑ አሸናፊ እስኪገኝ ይቀጥላሉ፤ በቤዝቦል አቻ ወጥቶ ወደ ቤት መሄድ የለም ማለት ይቻላል።

እንዲህ ሁሉ ሆኖ ግን ዝም ብሎ መጠበቁ አይሰለችም?

ከሁሉ ይልቅ የምጠየቀው ይህን ነው፤ ከሁሉ ይልቅ መመለስ የምወደውም ይህንኑ ነው። ቋንቋችን «ጨዋታ» የሚለውን አንድ ቃል ለሁለት ነገር ይጠቀምበታል፤ በሜዳ የሚደረገውም ውድድር ጨዋታ ነው፣ ሰዎች ተቀምጠው የሚያወጉትም ጨዋታ ነው። እኔ እስካሁን ካየኋቸው ስፖርቶች ሁለቱን በአንድ ወንበር ላይ የሚያስተናግደው ቤዝቦል ብቻ ነው። የእግር ኳስ ደጋፊ ጎረቤቱን ለማናገር ዞር ካለ ጎል ያመልጠዋል። በቤዝቦል ግን በአንዱ ውርወራና በሚቀጥለው መካከል አንድ ሐሳብ ተጀምሮ ይጨረሳል፤ በሁለት ዙሮች መካከል ደግሞ አንድ ሙሉ ታሪክ ይወራል።

እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ በመጣችበት ዓመት፣ ከብዙ ማመንታት በኋላ ይዣት ሄድኩ። በመጀመሪያው ዙር መቺው ከቦታው ወጥቶ የእጅ ጓንቱን ሲያስተካክል አይታ «ይህ ልጅ አልመታም አለ እንዴ?» አለችኝ። በሦስተኛው ዙር ከጎኗ ለተቀመጡት አረጋዊ አሜሪካዊት የልጅ ልጆቿን ፎቶ እያሳየች ነበር። አንዳቸው የሌላቸውን ቋንቋ አያውቁም፤ እኔም በመሐል ሆኜ እያስተረጎምኩ የጨዋታውን ግማሽ አላየሁም። በስምንተኛው ዙር የእኛ ልጅ ኳሱን ወደ ቀኙ ጥግ ሲልከው ሁለቱም እኩል ብድግ አሉ። ወደ ቤት ስንመለስ «ለጨዋታ የሚመች ጨዋታ ነው» አለች፤ ከዚያ የተሻለ ፍቺ እስካሁን አልሰማሁም።

በሌላ በኩል ውጥረት የለም ማለት አይደለም። ሁለት አውት ሆኖ፣ ቤዞቹ ሁሉ በሯጭ ተሞልተው፣ መቺው ላይ ሁለት ስትራይክ ሲቆጠር፣ ያ ሲያወጋ የነበረው ሕዝብ በአንድ ጊዜ ጸጥ ይላል። ያን ጸጥታ ለመቅመስ ብቻ እንኳ መሄድ ያዋጣል።

የትኛው ወንበር ይሻላል? ትኬትስ እንዴት ይገዛል?

ስታዲየሙ 41 ሺህ ያህል ሰው ይይዛል፤ ስለዚህ በአዘቦት ቀን ወንበር ጠፋ ማለት ብርቅ ነው። ትኬት የሚሸጠውም የሚታየውም በስልክ ነው፤ የወረቀት ትኬት ይዞ በር ላይ መሰለፍ ቀርቷል። ዋጋው እንደ ቀኑና እንደ ተጋጣሚው ይለዋወጣል፤ በሚያዝያ ማክሰኞ ማታ ርካሽ የሆነው ወንበር፣ የኒው ዮርክ ወይም የፊላደልፊያ ቡድን ቅዳሜ ሲመጣ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። የፊላደልፊያ ደጋፊ በአውቶቡስ ተጭኖ ስለሚመጣ ስታዲየሙ የማን እንደሆነ የሚያጠራጥርበት ቀን አለ። ይቀልዱብዎታል፤ እርስዎም ይቀልዱባቸው፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለው እዚህም ይሠራል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው የምመክረው ከመቺው በስተኋላ ያለውን የላይኛውን ፎቅ ነው። ሜዳው በሙሉ እንደ ካርታ ከፊትዎ ይዘረጋል፤ ተከላካዮቹ ለእያንዳንዱ መቺ ቦታ ሲቀያይሩ ይታያል፤ ዋጋውም ከታችኛው በብዙ ያንሳል። ታች፣ በመጀመሪያው ቤዝ በኩል የተቀመጠ ሰው የናሽናልስን ተጫዋቾች ከመጠለያቸው ሲወጡና ሲገቡ በቅርብ ያያል፤ ነገር ግን በሐምሌ ሙቀት ፀሐይ ቶሎ የምትለቀው የሦስተኛው ቤዝ ወገን ነው። ከአጥሩ በስተጀርባ ያሉት መቀመጫዎች ሆም ራን የመቅለብ ተስፋ ላላቸው ወጣቶች ናቸው።

በምን ልሂድ?

መኪናዎን ቤት ይተዉ። በአካባቢው የማቆሚያ ዋጋ በጨዋታ ቀን ከትኬቱ ሊበልጥ ይችላል፤ ሲወጡም መንገዱ ለረጅም ጊዜ አይከፈትም፤ ታክሲ የሚነዱ ወንድሞቻችንም ይህን ይመሰክራሉ። በሜትሮ አረንጓዴ መስመር ኔቪ ያርድ ቦልፓርክ በሚባለው ጣቢያ ወርደው በሃፍ ስትሪት በኩል ሲወጡ ስታዲየሙ ከፊትዎ ነው። ከዩ ስትሪት፣ ማለትም ከዘጠነኛው መንገድ ምግብ ቤቶቻችን ሠፈር፣ ባቡር መቀየር ሳያስፈልግ በቀጥታ ይደርሳል። ከሲልቨር ስፕሪንግ የሚነሣ በቀዩ መስመር መጥቶ በፎርት ቶተን፣ ከአሌክሳንድሪያ የሚመጣ ደግሞ በላንፋንት ፕላዛ ወደ አረንጓዴው ይቀይራል።

ሲመለሱ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በአንድ በር ስለሚጎርፍ፣ እግር ያለው ሰው ወደ ሰሜን 20 ደቂቃ ያህል ተራምዶ ከካፒቶል ሳውዝ ጣቢያ ቢሳፈር ይሻለዋል። በተለይ በሰማያዊው መስመር ወደ ቨርጂኒያ ለሚሻገሩ ይህ ሁለት ጊዜ ያተርፋል፤ ግፊቱም ይቀራል፣ መቀየሩም ይቀራል።

ምን ይበላል? ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ሰውስ?

የስታዲየም ምግብ ውድ ነው። ይህን አስቀድሞ አምኖ መግባት ከንዴት ያድናል። ከሆት ዶጉ ይልቅ የከተማዋ ልጅ የሆነውን «ሃፍ ስሞክ» ይሞክሩ፤ ቅመም ያለው፣ ወፈር ያለ ቋሊማ ሲሆን ላዩ ላይ ቺሊ ይፈስበታል። እርሱን የሚያቀርበው ቤንስ ቺሊ ቦል ከ1958 ጀምሮ በዩ ስትሪት የቆየ ቤት ነው፤ በስታዲየሙም ውስጥ መሸጫ አለው። ሥጋው የአሳማ ስለሚኖርበት የማይበላ ሰው ሳይጠይቅ አይዘዝ።

ለጿሚ ያለው ምርጫ ጠባብ ቢሆንም ባዶ አይደለም። ከቅርፊቱ ያልወጣ የተቆላ ኦቾሎኒ የቤዝቦል ጥንታዊ ምግብ ነው፤ ቅርፊቱን እግር ሥር መጣልም ነውር አይደለም፣ ሁሉም ያደርገዋል። ለእኛ ቆሎ ነው፤ አንድ ከረጢት በእጅ በእጅ ሲዞር ጨዋታው ያምራል። የተጠበሰ ድንች አለ፤ ፕሬትዝልና ፈንዲሻ ግን ቅቤ ሊነካቸው ስለሚችል ይጠይቁ። ብዙ ቤተሰብ በሩ ሳይከፈት ዩ ስትሪት ላይ በያይነቱ በልቶ ጠግቦ ይገባል፤ እኔም በጾም ቀን የማደርገው ይህንን ነው።

ስለሚገባ ምግብ፣ ስለ ውኃና ስለ ቦርሳ መጠን የወጣው ደንብ ከዓመት ዓመት ስለሚሻሻል፣ ከመነሣትዎ በፊት የቡድኑን መመሪያ ያንብቡ። ውስጥ በብዛት የሚከፈለው በካርድ ወይም በስልክ ስለሆነ፣ በጥሬ ገንዘብ ብቻ ተማምኖ መሄድ አይበጅም።

ኳስ ወደ ተቀመጥኩበት ቢመጣ የእኔ ነው?

የእርስዎ ነው። ይህ ልማድ ብቻ ሳይሆን የመቶ ዓመት ታሪክ ያለው ነገር ነው፤ በ1921 በኒው ዮርክ አንድ ተመልካች የቀለበውን ኳስ አልመልስም በማለቱ ከስታዲየም ተባርሮ ከስሶ ረታ፤ ከዚያ በኋላ ክለቦቹ ቀስ በቀስ ኳሱን ለተመልካች መተው ለመዱ። አንድ ገደብ ግን አለ። ከመቀመጫዎ ወደ ሜዳው ተንጠራርተው በጨዋታ ላይ ያለን ኳስ ከነኩ ዳኛው ጨዋታውን ያስቆማል፤ እርስዎንም ጠባቂ መጥቶ ያስወጣዎታል፤ በአርባ ሺህ ሰው ፉጨት ታጅቦ መውጣት ደግሞ ደስ አይልም።

በአጠገብዎ ልጅ ካለ ኳሱን ለልጁ መስጠት የተለመደ ጨዋነት ነው። ባይሰጡም ማንም አያስገድድዎትም፤ ብቻ ትንሽ ያዩዎታል።

ጥንቃቄውን አይርሱ። በሁሉም ስታዲየሞች ከመቺው ጀርባ አንሥቶ በሁለቱም ወገን ተከላካይ መረብ ተዘርግቷል፤ መረቡ በማይደርስበት ቦታ ግን በዱላ የተመታ ኳስ ፊት ለመሸፈን ጊዜ በማይሰጥ ፍጥነት ይመጣል። ሕፃን የያዘ ሰው በመረቡ ክልል ወይም በላይኛው ፎቅ ይቀመጥ፤ ስልኩንም መቺው ሲቆም ዝቅ ያድርግ።

ትልልቅ ጭንቅላት ያላቸው የሚሮጡት ሰዎች ምንድን ናቸው?

ፕሬዚዳንቶቹ ናቸው። በአራተኛው ዙር መሐል የጆርጅ ዋሽንግተን፣ የቶማስ ጀፈርሰን፣ የአብርሃም ሊንከንና የቴዎዶር ሩዝቬልት ግዙፍ ጭንብል ያጠለቁ ሰዎች በሜዳው ዳር ይሽቀዳደማሉ። ውድድሩ በ2006 ሲጀመር ሩዝቬልት፣ ደጋፊው «ቴዲ» የሚለው፣ ተሸነፈ፤ በሚቀጥለውም ተሸነፈ። አንዳንዴ ይወድቃል፣ አንዳንዴ መንገድ ይስታል፣ እየመራም ቢሆን አንድ ነገር ያደናቅፈዋል። እንዲህ እያለ ከ500 ጊዜ በላይ ከተሸነፈ በኋላ፣ ቡድኑ የምድቡ አሸናፊ በሆነበት በ2012፣ በመደበኛው ውድድር የመጨረሻ ቀን ጥቅምት 3 አሸነፈ። ሕዝቡ ለዚያ ሩጫ የጮኸውን ያህል ለብዙ ሆም ራን አልጮኸም። ልጆች ከጨዋታው ሁሉ ይህን ያስታውሳሉ፤ ስለዚህ በአራተኛው ዙር ምግብ ለመግዛት አይውጡ።

ከዚህ ሌላ በሰባተኛው ዙር መሐል ሰው ሁሉ ተነሥቶ እጅ እግሩን ያፍታታል፣ ከ1908 ጀምሮ ያለ አንድ የቆየ የቤዝቦል ዘፈንም በኅብረት ይዘፍናል። ቃሉን ባያውቁትም ይነሡ። መጀመሪያ ላይ ብሔራዊ መዝሙር ሲዘመርም ኮፍያ አውልቆ መቆም ነው።

ይህ ቡድን ለዋሽንግተን አዲስ ነው የሚሉት እውነት ነው?

ቡድኑ አዲስ ነው፤ ጨዋታው ግን በከተማዋ ሥር ሰዷል። ናሽናልስ በ2005 ከካናዳዋ ሞንትሪያል የመጣ ክለብ ነው፤ ከዚያ በፊት ሴናተርስ የተባለው ቡድን በ1971 ወደ ቴክሳስ ከሄደ በኋላ ዋና ከተማዋ ለ33 የውድድር ዘመናት ያለ ቤዝቦል ቆይታለች። አሁን ያለው ስታዲየም በአናኮስቲያ ወንዝ ዳር የተከፈተው በ2008 ነው።

የቀድሞው ታሪክ ግን በእኛው ሠፈር ነው ያለው። በጆርጂያ ጎዳና የሚገኘውን የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የማያውቅ ሐበሻ በከተማዋ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ሆስፒታሉ የቆመው በ1965 በፈረሰው የግሪፊዝ ስታዲየም ቦታ ላይ ነው። በ1910 ፕሬዚዳንት ዊሊያም ታፍት የመክፈቻውን ኳስ በመወርወር እስከ ዛሬ የዘለቀውን የፕሬዚዳንቶች ልማድ የጀመሩት በዚያ ቦታ ነበር፤ በ1924 ሴናተርስ ዋንጫውን ያነሣውም እዚያ ነው። በዚያው ሜዳ ላይ፣ ጥቁሮች ከነጮቹ ሊግ ታግደው በነበረበት ዘመን፣ የሆምስቴድ ግሬይስ ቡድን በጆሽ ጊብሰን ዱላ ሕዝብ ይሰበስብ ነበር። ጊብሰን በጥር 1947 ሞተ፤ ጃኪ ሮቢንሰን እገዳውን ሰብሮ የገባው በዚያው ዓመት በሚያዝያ ነው። በ2024 ሊጉ የጥቁሮቹን ሊግ መዝገብ ከራሱ መዝገብ ጋር ሲያዋህድ፣ በአማካይ የመምታት ብቃት ከሁሉም ዘመን ተጫዋቾች አንደኛ ሆኖ የተገኘው ጊብሰን ነው። ሐውልቱ ከቀድሞዎቹ የሴናተርስ ተጫዋቾች ከዋልተር ጆንሰንና ከፍራንክ ሃዋርድ ሐውልቶች ጋር በአሁኑ ስታዲየም ቆሟል፤ ሲገቡ ቆም ብለው ይዩት።

ከተማዋ ሁለተኛውን ዋንጫ ያገኘችው ከ95 ዓመት በኋላ ነው። በ2019 ናሽናልስ ከመጀመሪያዎቹ 50 ጨዋታዎች 19 ብቻ አሸንፎ ሁሉም ተስፋ ቆርጦበት ሳለ ተነሥቶ ለፍጻሜ ደረሰ፤ አራት ጊዜ ቀድሞ ያሸነፈ ዋንጫውን በሚወስድበት ፍጻሜ ሂውስተንን በሰባት ጨዋታ ሲረታም አራቱንም ድል ያገኘው በሰው ሜዳ ነው። በራሱ ሜዳ ሦስቱንም ተሸነፈ። ትኬት ገዝተን የገባነው አልቅሰን ወጣን፤ ቤቱ ተቀምጦ በቴሌቪዥን ያየው ጨፈረ።

ዝናብ ቢጥልስ?

የዋሽንግተን ሐምሌና ነሐሴ ቀን ሙሉ ሲያፍን ውሎ ማታ በነጎድጓድ የሚፈነዳ ነው። ዝናብ ሲጀምር ሠራተኞች ትልቅ ሸራ እየጎተቱ ሜዳውን ይሸፍናሉ፤ ተመልካቹም በጣሪያው ሥር ተጠልሎ ይጠብቃል። ብዙ ጊዜ ይቀጥላል። ጨዋታው ሳይጀመር ለሌላ ቀን ከተላለፈ ትኬትዎ አይቃጠልም። በሚያዝያና በመስከረም ደግሞ የወንዙ ዳር ብርድ ያታልላል፤ ጋቢ ባይሆንም ነጠላ ወይም ሹራብ ይያዙ። እናቴ ነጠላዋን ይዛ ነበር፤ በሰባተኛው ዙር ግማሹን ለአሜሪካዊቷ ጎረቤቷ አልብሳታለች።

ቡድናችን ከተሸነፈ ወይም ከመሸ ሳያልቅ ብወጣ ነውር አለው?

ነውር የለውም። ልጅ የያዘ፣ ማለዳ ሥራ የሚገባ ሰው ይወጣል። እኔ ግን አልወጣም፤ ምክንያቱም ቤዝቦል ሰዓት አያልቅበትም። በእግር ኳስ በሁለት ግብ ተበልጦ 90ኛው ደቂቃ ላይ ያለ ቡድን የጎደለው ጊዜ ነው። እዚህ ግን የመጨረሻው አውት እስኪሆን ድረስ አምስት ነጥብም ቢሆን ሊመለስ ይችላል፤ ሲመለስም አይተናል።

ናሽናልስ ፓርክ የመጀመሪያውን መደበኛ ጨዋታ ያስተናገደው እሑድ መጋቢት 30 ቀን 2008 በብርድ ማታ ነበር። በዘጠነኛው ዙር ከአትላንታ ጋር 2 ለ 2 ሆነው፣ በታችኛው ግማሽ፣ ማለትም በባለሜዳው ተራ፣ ሁለት አውት ከተቆጠረ በኋላ የናሽናልሱ ራያን ዚመርማን ለመምታት ገባ፤ ኳሱንም ከአጥር በላይ ሰደደው። 3 ለ 2። ብርዱን ፈርቶ ቀድሞ የወጣ ሁሉ ጩኸቱን የሰማው ከባቡር ጣቢያው ደረጃ ላይ ሆኖ ነው።